«ድምፅ አልባ» የሚባለው ጠመንጃ በእርግጥ ድምፅ የለውም? የድምፅ ማፈኛ አሠራርና ከመግዛት በፊት የሚሞከርበት ምክንያት

ሰሞኑን ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ ሳለ፣ ከጎኔ የነበሩ ሰዎች ስለ አሜሪካ ሲጨዋወቱ አንደኛው «እዚያ እኮ ከእንግዲህ ድምፅ አልባ ጠመንጃ ያለ ታክስ፣ ልክ እንደ ሞባይል ገዝተህ ይዘህ መውጣት ነው» ሲል ሰማሁ። የወሬው መነሻ እውነት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ በድምፅ ማፈኛ ላይ ተጥሎ የቆየው የ200 ዶላር ታክስ፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 በተፈረመ ሕግ መሠረት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ወደ ዜሮ ወርዷል። የቀረው የንግግሩ ክፍል ግን ስህተት ነው፤ ማፈኛው ጠመንጃን ድምፅ አልባ አያደርግም፣ ምዝገባው አልቀረም፣ ዕቃውም በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን አንብቦ ብቻ የሚመረጥ ዓይነት አይደለም።

ጉዳዩን ቀረብ ብዬ የማውቀው በአክስቴ ልጅ ምክንያት ነው። እሱ የሚኖረው ሚኒሶታ ሲሆን፣ በየዓመቱ ኅዳር ገደማ ፈቃድ አውጥቶ አጋዘን ያድናል። ባለፈው ጊዜ ማፈኛ ለመግዛት ሲነሣ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሦስት ዓይነት ማፈኛዎችን በተኩስ ሜዳ ሞከረ፤ ያየውንም በስልክ ለረጅም ጊዜ አጫወተኝ። «ሽጉጥ በትራስ ጠቅልሎ መተኮስ» የሚለውን የፊልም ሥዕል ከአእምሮዬ ያወጣልኝ ያ ጨዋታ ስለሆነ፣ እኔም የተረዳሁትን ከሥሩ ጀምሬ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የተኩስ ድምፅ ከየት ነው የሚመጣው?

ጠመንጃ ሲተኮስ ጆሯችን የሚሰማው አንድ ጩኸት ይመስላል እንጂ፣ በአንድ ቅጽበት የተደራረቡ ሦስት ድምፆች ናቸው።

የመጀመሪያውና ከባዱ የባሩዱ ድምፅ ነው። ቃታው ተስቦ ባሩዱ ሲነድ የሚፈጠረው ትኩስ ጋዝ እርሳሱን ከኋላ እየገፋ በአፈሙዙ በኩል ይወጣል። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ፒ.ኤስ.አይ. ነው፤ ጎማ ሲፈነዳ መንደሩ ሁሉ ደንግጦ እንደሚወጣም እናውቃለን። በተለመደ የወታደር ጠመንጃ አፈሙዝ ላይ ግን፣ እርሳሱ በሚለቅበት ቅጽበት ያለው የጋዝ ግፊት ከዚያ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። አፈሙዙ ባጠረ ቁጥር ደግሞ ግፊቱ ይብሳል። ይህ ሁሉ ጋዝ በድንገት ከውጭው አየር ጋር ሲጋጭ የሚፈጠረው ምት ነው እንደ ፍንዳታ የሚሰማን።

ሁለተኛው የራሱ የእርሳሱ ድምፅ ነው። ይህን ለመረዳት ቡሄን ማስታወስ ይበቃል። ልጆች ጅራፍ ሲያጮሁ «ጧ» የሚለው ድምፅ የሚወጣው ጅራፉ መሬት ወይም ሰው ስለመታ አይደለም፤ ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ አየሩን ስለሚሰነጥቀው ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አየር ውስጥ ድምፅ በሰከንድ ወደ 343 ሜትር ይጓዛል። (አዲስ አበባ ላይ በጥቂቱ ዝቅ ይላል፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ሰው እንደሚገምተው የከተማዋ ከፍታ ሳይሆን የአየሩ ቅዝቃዜ ነው።) ሁላችንም በስሙ የምናውቀው ክላሽ እርሳሱን የሚለቀው በሰከንድ ወደ 715 ሜትር ፍጥነት ስለሆነ፣ እርሳሱ ከድምፅ እጥፍ በላይ እየበረረ በሄደበት መንገድ ሁሉ ጅራፍ ያጮሃል ማለት ነው።

ሦስተኛው የመሣሪያው የብረት ድምፅ ነው፤ ቀለሁን አውጥቶ ቀጣዩን ጥይት ሲያጎርስ የሚሰማው ቀጭታ።

ማፈኛው ታዲያ የትኛውን ነው የሚያፍነው?

የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

አሠራሩን ከሁሉ ቀድሞ የሚገባው ሰው ምናልባት የመኪና መካኒክ ነው፤ ማፈኛ ማለት የጠመንጃ ማርሚታ ነውና። ሶማሌ ተራ ሄዶ ያረጀ ማርሚታ ተቆርጦ ያየ ሰው፣ ውስጡ ባዶ ቱቦ ሳይሆን የተከፋፈለ ክፍል መሆኑን ያስታውሳል። የሞተሩ ጭስ ከክፍል ወደ ክፍል እየዞረ፣ እየሰፋና እየቀዘቀዘ ስለሚያልፍ በመጨረሻ ሲወጣ ጉልበቱን ጨርሷል። ማርሚታው የተበሳ ታክሲ ከሩቅ የሚሰማውም ጭሱ ይህን ጉዞ ሳያደርግ በአቋራጭ ስለሚወጣ ነው። የጠመንጃ ማፈኛም በአፈሙዙ ጫፍ የሚታሰር፣ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የብረት ቱቦ ሲሆን፣ በውስጡ መሃላቸው የተበሳ የብረት ግድግዳዎች ተደርድረው ቆመዋል። እርሳሱ በቀዳዳዎቹ መሃል ሳይነካቸው ያልፋል፤ ተከትሎት የሚመጣው ጋዝ ግን ግድግዳዎቹ መሃል እየተያዘ፣ እየተሽከረከረና ሙቀቱን ለብረቱ እየሰጠ በዝግታ ይወጣል።

የማፈኛና የማርሚታ ዝምድና በንጽጽር ብቻ የሚያበቃ አይደለም። የመጀመሪያውን በገበያ የተሳካለት ማፈኛ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1909 የፈጠራ መብት ያገኘበት አሜሪካዊው ሂራም ፐርሲ ማክሲም፣ በተመሳሳይ ዘዴ ለሞተሮችም የድምፅ መቀነሻ ሠርቷል። አባቱ ደግሞ ማክሲም የተባለውን መትረየስ የፈለሰፈው ሂራም ስቲቨንስ ማክሲም ነው። አባትየው ዕድሜውን ሙሉ ከመሣሪያዎቹ አጠገብ በመቆየቱ በመጨረሻ ጆሮው በእጅጉ ተጎድቶ ነበር። የተኩስን ድምፅ መቀነስ የስውር ግድያ ጉዳይ ብቻ አድርገው ለሚያዩ ሰዎች ሁሉ ይህንን የአባትና የልጅ ታሪክ ብነግራቸው እወዳለሁ።

ጅራፉን ግን ማፈኛው አይነካውም። እርሳሱ ከማፈኛው ከወጣ በኋላ ለሚያደርገው ነገር ማፈኛው ምንም ማድረግ ስለማይችል፣ ያንንም ድምፅ መቀነስ የፈለገ ሰው ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚሄድ ከበድ ያለ ጥይት መጠቀም ይኖርበታል። እንዲህ ያለው ጥይት በሽጉጥ ላይ የተለመደ ሲሆን፣ ለአጋዘን አደን በሚሆን ጠመንጃ ላይ ግን ጉልበቱ ስለሚያንስ አዳኞች እምብዛም አይመርጡትም።

ድምፁ በምን ያህል ይቀንሳል?

ጥሩ ማፈኛ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ይቀንሳል። ይህ ቁጥር ምንም እንዳይደለ ወይም ሁሉን እንደሆነ ተደርጎ በስህተት የሚነበበው፣ ዴሲቤል እንደ ኪሎና እንደ ሜትር እየተደመረ የሚሄድ መለኪያ ስላልሆነ ነው። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ አካባቢ ከአዋሽ ፈንታሌ እየተነሣ አዲስ አበባን ሲያነቃንቅ የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በ4 እና በ5 መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ቁጥር ብቻ እንዳልሆነ ለብዙዎቻችን አስተምሮናል። ዴሲቤልም እንደዚያው ነው፤ 10 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ፣ 30 ሲጨምር ደግሞ 1,000 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ማፈኛ 30 ዴሲቤል ሲቀንስ፣ ከድምፁ ኃይል ውስጥ የሚተርፈው ከሺህ አንዱ ብቻ ነው ማለት ነው። ትልቅ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ቅነሳው የሚጀምረው ከየት እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። የወታደር ጠመንጃ ተኩስ 165 ዴሲቤል አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ ላይ 30 ሲነሣ የሚቀረው 135 ነው። ድንገተኛ ለሆነ ድምፅ በሥራ ቦታ ደህንነት ደንቦች በብዛት የሚጠቀሰው ጣሪያ 140 ዴሲቤል ነው። ማፈኛው ድምፁን ከዚያ ጣሪያ በጥቂቱ ዝቅ አደረገው እንጂ ሹክሹክታ አላደረገውም። በደጋገሙት ቁጥር ጉዳቱ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ፣ ማፈኛ ያሰረ ተኳሽም የጆሮ መከላከያውን ማውለቅ የለበትም። በእኔ አስተያየት በዚህ ርዕስ ላይ ከሚነገረው ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

ይህን ያህል አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። አራት ኪሎ ባደግሁበት ሰፈር፣ በወጣትነታቸው ወታደር የነበሩና በኋላ በጥበቃ ሥራ ያረጁ አንድ አባት ነበሩ። ልጆች ሆነን ሰላም ስንላቸው ስለማይመልሱልን ቁጡ ይመስሉን ነበር። በኋላ እንደተረዳነው ቀኝ ጆሯቸው ፈጽሞ አይሰማም ነበር፤ በግራው ደግሞ ሌሊት ሌሊት «እንደ ክራር ክር ያለ ነገር» እንደሚጮህባቸው ለአባቴ ሲነግሩት ሰምቻለሁ። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት ወደ 15,000 ገደማ ሲሆኑ፣ ከሞቱ በኋላ በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም።

በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከታወቀ ለምን ይሞከራል?

ቁጥሩ የተለካበት ቦታ የተኳሹ ጆሮ ላይሆን ስለሚችል ነው። በአሜሪካ ወታደራዊ መለኪያ ልማድ ማይክሮፎኑ የሚቀመጠው ከአፈሙዙ በስተጎን አንድ ሜትር ርቆ ነው። ራሱን በሚያጎርስ ጠመንጃ ግን ድምፅና ጋዝ የሚወጣው ከፊት ብቻ ሳይሆን፣ ቀለሁ በሚወረወርበት መስኮት በኩልም ነው፤ ይህ መስኮት ደግሞ ከተኳሹ ጉንጭ አጠገብ ይገኛል። በዚህ ምክንያት በአፈሙዙ በኩል ከሁሉ ዝቅ ያለ ቁጥር ያስመዘገበ ማፈኛ፣ በተኳሹ ጆሮ በኩል ሲለካ ከሌላው የባሰ ሊሆን ይችላል። አምራቾች ሁሉ በአንድ ዓይነት ጠመንጃ፣ በአንድ የአፈሙዝ ርዝመትና በአንድ ዓይነት ጥይት ስለማይለኩም፣ የሁለት ኩባንያዎችን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር የአንዱን ሰው ክብደት ከቁርስ በፊት፣ የሌላውን ካፖርት ለብሶ እንደመመዘን ነው።

ክብደት፣ ሙቀትና የጋዙ ሽታማ በቁጥር አይጻፉም፤ ቢጻፉም አይሰሙም።

ሕጉ ምን ይላል?

በአሜሪካ 42 ክፍለ ግዛቶች ግለሰቦች ማፈኛ እንዲኖራቸው ይፈቅዳሉ፤ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክን ጨምሮ የቀሩት 8 ይከለክላሉ። በተፈቀደባቸውም ቢሆን ታክሱ ዜሮ ሆነ እንጂ ገዥው አሁንም የጣት አሻራና ፎቶግራፍ አቅርቦ፣ የኋላ ታሪኩ ተጣርቶ፣ ማፈኛው በፌዴራል መንግሥት መዝገብ በስሙ እስኪሰፍር ድረስ ዕቃው ሻጩ ዘንድ ይቆያል። አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ለሌላ ሰው ማስተላለፍም ያንኑ ሂደት እንደገና መጀመር ስለሆነ፣ «አልወደድኩትም» ብሎ መመለስ የሚታሰብ አይደለም። ዋጋው ከብዙ መቶ ዶላር እስከ አንድ ሺህና ከዚያ በላይ መድረሱ ሲታከልበት፣ ቀድሞ መሞከር ለምን አስፈላጊ እንደሆነ ግልጽ ይሆናል። ሕጉ የባለቤትነት ዝውውርን እንጂ ባለቤቱ ወይም ፈቃድ ያለው ነጋዴ በተገኘበት በተኩስ ሜዳ ላይ መተኮስን ስለማይከለክል፣ ማፈኛ የሚያከራዩ ሜዳዎች አሉ፤ ሻጮችም የሙከራ ቀን ያዘጋጃሉ። ኖርዌይን የመሰሉ አገሮች ደግሞ ማፈኛን ከጆሮ መከላከያ ብዙም ለይተው ስለማያዩት ያለ ልዩ ፈቃድ ይሸጣል።

በአገራችን የጦር መሣሪያ ጉዳይ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ፣ መግዛትና መሸጥ ወንጀል ነው። እዚህ የተጻፈው ስለ ውጭ አገር አሠራር መሆኑን አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

ሲሞከር ምን ይታያል?

የአክስቴ ልጅ የሄደበት ሜዳ፣ ደምበኛው የራሱን ጠመንጃ ይዞ መጥቶ በእነርሱ ማፈኛ እንዲተኩስ ይፈቅድ ነበር። ሁሉም ሜዳዎች አይፈቅዱም፤ በማይፈቅዱበት ጊዜ በአፈሙዝ ርዝመትና በጥይት ዓይነት ከራስ ጠመንጃ ጋር የሚቀራረበውን መከራየት ይመከራል፤ አንዱ ማፈኛ በረጅም አፈሙዝ ላይ የሚሰጠውን ድምፅ በአጭር አፈሙዝ ላይ አይሰጥምና። ከሁሉ በፊት ግን የሜዳው ሠራተኛ ማፈኛው ከአፈሙዙ ጋር ቀጥ ብሎ መታሰሩን አየለት። የማሰሪያው ጥርስ በጥቂቱ እንኳ ከተጣመመ እርሳሱ በመንገዱ ላይ የውስጡን ግድግዳ ሊመታ ስለሚችል፣ ይህ እንዳይዘለል የምለው ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ያለ ማፈኛ አምስት ጥይት ተኮሰ፤ ከዚያ በማፈኛ አምስት። የመጀመሪያዋ ጥይት ከቀጣዮቹ ከፍ ብላ ስትሰማው ማፈኛው የተበላሸ መስሎት ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ያልተተኮሰበት ማፈኛ ውስጥ ተራ አየር፣ በአየሩም ውስጥ ኦክስጅን አለ፤ ትኩሱ ጋዝ ሲገባ ያ ኦክስጅን ተጨማሪ እሳት ያቀጣጥላል። ከዚያ በኋላ ውስጡ በተቃጠለ ጋዝ ስለሚሞላ ተከታዮቹ ጥይቶች ዝግ ይላሉ። ስለዚህ በአንዲት ጥይት ብቻ መፍረድ አይገባም። ለአዳኝ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጫካ ውስጥ የሚተኩሰው አብዛኛውን ጊዜ ያችኑ የመጀመሪያዋን ጥይት ስለሆነ፣ ማፈኛውን ለጥቂት ደቂቃ አየር አስገብቶ እንደገና ከመጀመሪያዋ መሞከር ይኖርበታል።

ቀጥሎ ቦታ ተለዋወጡ። ጓደኛው ሲተኩስ እሱ ከተኩስ መስመሩ ኋላ በስተጎን ቆሞ አዳመጠ። ሜዳው ጣሪያና የኮንክሪት ግድግዳ ያለው ክፍል ሲሆን ድምፁ እንደ ገደል ማሚቶ ስለሚመለስ፣ እዚያ ከባድ የመሰለው ማፈኛ ገላጣ ሜዳ ላይ ልዝብ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እሱ ሁለቱንም ቦታ ሞክሯል። ጆሮ ደግሞ ወፍራም ድምፅን ከቀጭን ድምፅ ይልቅ ዝግ ያለ አድርጎ ስለሚቀበል፣ በመለኪያ እኩል የሆኑ ሁለት ማፈኛዎች ለሰሚው እኩል አይሆኑም። ይህንን ሁሉ ያደረገው የጆሮ መከላከያውን ሳያወልቅ ነው። «በባዶ ጆሮ ካልሰማሁት አይገባኝም» የሚሉ ሰዎች እንዳሉ ነግሮኛል፤ ልዩነቱ በመከላከያው ውስጥም ሆኖ በደንብ ይሰማል።

ከድምፁ በኋላ ዒላማው ታየ። በአፈሙዝ ጫፍ ላይ ክብደት ሲታከል ብረቱ በተኩስ ጊዜ የሚርገበገብበት ሁኔታ ስለሚለወጥ፣ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ከቀድሞው ይሸሻል። መሸሹ በራሱ ችግር የለውም፤ የጠመንጃውን የማነጣጠሪያ መነጽር እንደገና ማስተካከል ይቻላል። ችግር የሚሆነው ማፈኛው ተፈትቶ እንደገና በታሰረ ቁጥር ጥይቱ ሌላ ቦታ ሲያርፍ ነው። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱን ማፈኛ ፈትቶ አሰረና እንደገና ተኮሰ፤ ከሦስቱ አንዱ በሁለቱ ጊዜያት መካከል የተለያየ ቦታ ስለመታ እዚያው ከውድድሩ ወጣ።

ራሱን በሚያጎርሰው የጓደኛው ጠመንጃ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተገለጠ። ጋዙን ከሁሉ አጥብቆ የያዘውና ስለዚህም ከፊት በኩል ከሁሉ ዝግ ያለው ማፈኛ፣ ያልወጣውን ጋዝ ወደ ኋላ ስለሚመልሰው የተኳሹን ዓይን ሽንኩርት እንደሚከትፍ ሰው አስለቀሰው። ጋዙን በቶሎ ወደ ፊት እንዲያሳልፉ የተሠሩ አዳዲስ ማፈኛዎች ዓይን አያስለቅሱም፤ በምትኩ ከፊት በኩል ድምፃቸው ትንሽ ከፍ ይላል። አንዱን ሳይከፍሉ ሌላውን ማግኘት አልተቻለም። መቀርቀሪያው በእጅ በሚሳብ የአደን ጠመንጃ ላይ ግን መስኮቱ በተኩስ ጊዜ ዝግ ስለሆነ ይህ ጭንቀት የለም።

ሙቀቱም አለ። ከአሥር ያህል ጥይት በኋላ ማፈኛው በባዶ እጅ አይነካም፤ ከላዩ የሚነሣው ግለት፣ በቀትር አስፋልት ላይ እንደምናየው የሚንቀለቀል አየር፣ በመነጽሩ ውስጥ ዒላማውን ያወዛውዘዋል። ለአዳኝ ብዙም አያሳስበውም፤ በተከታታይ ለሚለማመድ ሰው ግን ያስቸግራል።

ክብደቱን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት እሱም መጨረሻ ላይ ስላሰበው ነው። የቀሩት ሁለቱ አንዱ ከማይዝግ ብረት የተሠራና ግማሽ ኪሎ ገደማ፣ ሌላው ከቲታኒየም የተሠራና ከዚያ በብዙ የቀለለ ነበሩ። ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ ሲተኩስ ልዩነቱ አልተሰማውም፤ እንዲያውም የብረቱ ርግጫውን ስለሚቀንስለት ወዶት ነበር። ቆሞ ጠመንጃውን በክንዱ ሲይዝ ግን፣ ውኃ የሞላ ጆግ እጅን ዘርግቶ እንደመያዝ ሆነበት፤ ግማሽ ኪሎው ከአካሉ በራቀ ጫፍ ላይ ስለተንጠለጠለ እንደ ሁለት ኪሎ ከበደው። አጋዘን ጠረጴዛ እስኪቀርብለት አይጠብቅምና ለአምስት ደቂቃ ያህል ቆሞ እንዲያነጣጥር የሜዳው ሰዎች ፈቀዱለት፤ በሦስተኛው ደቂቃ ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

የገዛው የቲታኒየሙን ነው። በወረቀት ላይ በድምፅ ቅነሳ ከሦስቱ መካከለኛው እሱ ነበር። ወረቀቱ እስኪያልቅ ማፈኛው አሁንም ሻጩ ዘንድ ተቀምጧል፤ እሱ ደግሞ በቀረው ገንዘብ አዲስ የጆሮ መከላከያ ገዝቷል።